አልፋለሁ

«አልፋለሁ» አለች ሳቂታዋ፤ ሳትስቅም ተቀመጠች።

ወዲያው ከኋላ ሹክሹክታ ተጀመረ።

«ተነቃባት!» አለ ሻለቃ፣ ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎት። ደረቱን ነፍቶ ስለሚሄድ ነው ሻለቃ የተባለው። የክፍል ጓደኛው የሚጣ ታላቅ እህት በሚቀጥለው ወር የምታገባው የእሱን ወንድም ነው።

ከሚጣ በፊት የቀረው ሻለቃ ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የታሪክ መምህሩና የቋንቋ መምህርቷ ክፍለ ጊዜያቸውን አጋጥመው ስለ ባርነት አብረው ማስተማር ከጀመሩ ሰነባብተዋል። እሱ ሰው እንዴት ይሸጥ እንደነበር፣ ማንስ ይገዛ እንደነበር ያስረዳል። እሷ ደግሞ ከዚያ ዘመን ተርፎ ዛሬም ግቢው ውስጥ እንደ ቀልድ የሚወረወረውን ስድብ ሰሌዳው ላይ ትጽፍና፣ «ይሄን የሰማ?» ትላለች። ያልሰማ የለም፤ ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፣ ማንም እጁን አያወጣም። በመጨረሻ ሁለቱ ተማክረው፣ «ስለ ባርነት ከየቤታችሁ የሰማችሁትን ይዛችሁ ኑ። መናገር የከበደው ‹አልፋለሁ› ይበል፤ ለምን አንለውም» አሉ። ደጎች ናቸው፤ ግን አንድ ነገር አላሰቡም። የሚደብቀው የሌለው ልጅ ምን ብሎ ያልፋል? ያለፈ ሁሉ ይነቃበታል።

ሚጣ ቤት ሄዳ ስትጠይቅ አያቷ ምንም ሳያቅማሙ፣ «እናቴማ ተገዝታ ነው የመጣችው» አሏት። እናቷ የያዘችው ሰሃን ከእጇ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። እህቷ በሩን ዘጋችና ክንዷን ጨምድዳ ያዘቻት።

«እነሱ ከሰሙ ሠርግ የለም፣ ገባሽ? አጥንት ቆጣሪዎች ናቸው። የነጋዴ ልጅ ነበረች በይ።»

«እታለም፣ ውሸት ነዋ!»

«በናትሽ ሚጣዬ!» ብላ አለቀሰች።

እናታቸውም፣ «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ ልጄ» አለች፣ ሰሃኑን እያጠበች።

አሁን ሻለቃ ተነሳ። «በኛ ቤት እንዲህ ያለ ጉድ የለም። አባቴ ከነሱ ጋር ውሃ እንኳ አብረን አንጠጣም ነው የሚለው።»

«‹እነሱ› እነማን ናቸው?» አለችው መምህርቷ።

«ይታወቃሉ፣ ቲቸር!» ወደ ሳቂታዋ እያየ ሳቀ። ከዚያ ወደ ሚጣ ዞሮ ጠቀሳት። «ንገሪያቸው እንጂ! እኛ እኮ ዘመዳሞች ልንሆን ነው።»

እህቷ የምትገባው እዚያ ቤት ነው። ሰው በሩን ባንኳኳ ቁጥር ‹ዛሬ ተነቃብኝ› እያለች ልትኖር ነው።

ሚጣ ተነሳች። ‹የነጋዴ ልጅ ነበረች› የሚለው ወሬ ምላሷ ላይ ደርሷል። እውነቱን እንዳትናገር የእህቷ ዕንባ ያዛት። ውሸቱን እንዳትናገር ደግሞ ሳቂታዋ አጠገቧ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች።

«አልፋለሁ» አለች፣ ዓይኗን ከሻለቃ ላይ ሳትነቅል።

የሻለቃ ሳቅ ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ። ሁለቱ መምህራን ተያዩ። ጥፋታቸው የገባቸው ያኔ ነው፤ ግን ምን ዋጋ አለው፣ ሻለቃ ከጠረጴዛው ሥር ስልኩን አውጥቶ ለወንድሙ መጻፍ ጀምሯል።

«ቲቸር፣ ቤት መሄድ አለብኝ» አለች ሚጣ። መልስ አልጠበቀችም። እህቷ ይሄን ከሰው አፍ ሳይሆን ከእሷ አፍ መስማት አለባት።