መኖሪያዬ ደጅ ቆሟል

«አድራሻ?» አለች የመንጃ ፈቃድ ቢሮዋ ሴትዮ፣ ቀና ሳትል።

«የፖስታ ሳጥኔ ቁጥር ወረቀቱ ላይ አለ።»

«ደብዳቤ የምትቀበይበትን አልጠየቅኩሽም፤ የምትኖሪበትን ነው።»

«መኖሪያዬ ደጅ ቆሟል» አለች ሬታ በመስኮቱ እያሳየች። «ያ ነጩ፣ አረንጓዴ መስመር ያለው።»

ከኋላዋ የተሰለፈ ሰው ሳቁን ሊያፍን ሞክሮ አልሆነለትም።

ሬታ ኩዊል የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሴት ናት፤ ሥራዋ በግ መሸለት ነው። ከቴክሳስ እስከ ሞንታና ካንዱ እርባታ ወደ ሌላው እየዞረች፣ ወገቧ ለሁለት እስኪታጠፍ ድረስ ስትሸልት ትውላለች። በፒክአፕ መኪናዋ የምትጎትታት ቤት መዝናኛዋ አይደለችም፤ አልጋዋም፣ ምድጃዋም፣ የክረምት ልብሷም እዚያችው ውስጥ ነው። ችግሩ፣ መንግሥት ቤት ብሎ የሚያውቀው መሬት ላይ የተተከለውን ብቻ መሆኑ ነው። አድራሻ ከሌለ መንጃ ፈቃድ የለም፤ መንጃ ፈቃድ ከሌለ ኢንሹራንስ የለም፤ ኢንሹራንስ ከሌለ መንገድ መውጣት አይቻልም። መንገድ ካልወጣች ደግሞ ምን በልታ ታድራለች? እንደ እሷ ላሉ ተጓዦች ሳውዝ ዳኮታ ትሻላለች ብለው መክረዋት፣ አንድ ሌሊት ያደረችበትን ደረሰኝና የፖስታ ሳጥን ቁጥሯን ይዛ ታልማጅ የምትባለው ከተማ ደርሳለች። የቀራት መሐላው ብቻ ነው።

«በሌላ ግዛት መኖሪያ የለሽም?» ሴትዮዋ ከወረቀቱ ላይ አነበበች።

«የለኝም።»

«ርቀሽ ስትሄጂ የምትመለሺው ወደዚህ ግዛት ነው?»

ሬታ የያዘችውን ደረሰኝ አጥፋ መልሳ ዘረጋችው። አባቷ ከሞተ ወዲህ ትመለሻለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

«እመለሳለሁ ይበሏት እንጂ» አለ ከኋላዋ ያለው ሰው። «ሰልፉ ቆመ እኮ።»

ዞራ ገላመጠችው። ረዘም ያለ፣ ክራባቱ የተንሻፈፈ፣ ጆሮው ድረስ የቀላ ወጣት ነው። «አንተን ማን ጠየቀህ?»

«ማንም። ግን መኖሪያዎ የእኔን መኪና ዘግቶታል። እርስዎ ካልማሉ እኔ ቤቴ አልገባም።»

ሳቋ አመለጣት። ማለች፤ ፈረመች።

ኤልደን ሀውግ የኢንሹራንስ ወኪል ነበር። ከእናቱ ጋር የሚሠራበት ቢሮ ከመንጃ ፈቃዱ ቢሮ ፊት ለፊት ስለሆነ፣ ሬታ መንገዱን ተሻግራ እዚያው ገባች። ኤልደን ፎርሙን ከፊቱ ዘርግቶ፣ «ቤቷን ይኖሩባታል ወይስ ለእረፍት ነው?» አላት።

«እኖርባታለሁ። ዓመቱን ሙሉ።»

«ለእረፍት ከተባለ ዋጋው በጣም ይቀንሳል። ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያስጽፈው።»

«አባቴም እንደዚያ ነበር ያስጻፈው» አለች ሬታ። ከዚያ ለማንም የማታወራውን ነገር ለዚህ ለማታውቀው ሰው ነገረችው። አባቷም በተጎታች ቤት ይኖር ነበር። አንድ ቀን መንገድ ዳር ተቃጠለችበት። ኩባንያው ሰው ልኮ አመዱን አገላበጠና፣ ድስትና የክረምት ካፖርት ሲያገኝ፣ ይህ ሰው ይኖርባት ነበር ብሎ ካሳውን ከለከለው። «እንደ ሌባ ነው ያዩት። በወንድሙ ቤት ምድር ክፍል ሁለት ዓመት ተኝቶ፣ እዚያው ሞተ። ስለዚህ እኔ ውሸት አልፈርምም። የፈለገውን ያህል ይወደድ።»

ኤልደን እስክሪብቶውን አስቀመጠና ዐይን ዐይኗን አያት። «ገብቶኛል» አለ። ዓመቱን ሙሉ እንደምትኖርባት ጻፈ፤ እሷም አንብባ ፈረመች። በሦስተኛው ቀን የኢንሹራንስ ካርዷን ወንዝ ዳር ወዳለው የተጎታች ቤቶች ማቆሚያ ድረስ አመጣላት።

«አለቀ?»

«አለቀ» አለ፣ ዐይኑን ሰበር አድርጎ። ሬታ ዐይን አፋርነት መሰላት፤ እንዲያውም አንጀቷን በላው።

ግንቦትን በሙሉ የአካባቢውን በግ ስትሸልት ሰነበተች። ኤልደን ከቢሮ ሲወጣ በክራባቱ ይመጣና የተሸለተውን ሱፍ ወደ ጆንያ ይጠቀጥቅላታል። አንድ ጊዜ አውራ በግ ከኋላው መጥቶ አጋደመው።

«ኢንሹራንስ አለህ?» አለችው፣ እየሳቀች እያነሳችው።

«ለበግ የሚሆን የለኝም።» እጇን ይዞ ተነሳ፤ ከተነሳም በኋላ አልለቀቀውም። ከሱፉ የሚወጣው ቅባት መዳፏን አለስልሶት ነበር። «ቀኑን ሙሉ ከበግ ጋር የምትታገል ሴት እንዴት እንደዚህ ያለ እጅ ይኖራታል?»

«እርስዎ ቀርቶ አሁን ደግሞ አንቺ ሆንኩ?» አለችው።

«አንቺ እንኳ አላልኩም።»

«በዐይንህ ብለኸኛል።»

ወደ ሞንታና ሄዳ ሦስት ሳምንት ቆየች። ድሮ ቢሆን ከዚያው ወደ ሌላ እርባታ ትቀጥል ነበር። ዘንድሮ ግን ሥራው ባለቀ ማግስት መኪናዋን ወደ ታልማጅ አዞረች፤ መንገዱን ሁሉ በራሷ እየተናደደች፣ ደግሞም እየዘፈነች።

እሑድ እናቱ ዘንድ ምሳ ተጠሩ። ወይዘሮ ማርጊት ሀውግ ባላቸው ከሞተ ጀምሮ ቢሮውን ብቻቸውን ያቆሙ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሴት ናቸው። በምድጃ የበሰለ ሥጋና ድንች አቀረቡና ሬታ ሁለተኛ ጊዜ እስክታነሳ ጠበቁ።

«ላይኛው ክፍል ባዶ ነው» አሉ። «ያንን ጋሪሽን ግቢ ውስጥ አቁሚውና እንደ ሰው ኑሪ።»

«እንደ ሰው ነው የምኖረው፣ ወይዘሮ ሀውግ።»

«ልጅ ሲወለድስ? በጎማ ላይ ልታሳድጊ ነው?»

ሬታ ኤልደንን አየችው። እሱ ሳህኑን አየ። ሲወጡ፣ «እናቴ ክፉ አይደለችም እኮ» አላት። «ላይኛው ክፍል ጥሩ ፀሐይ ይገባዋል።»

«አንተ ለምን ወደኔ አትመጣም?»

ኤልደን ዞሮ የእናቱን መስኮት አየ። ሬታ ያን አስተያየት ይዛው ገባች፤ ቀናት ሙሉ አልለቀቃትም።

በሐምሌ መጀመሪያ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሰማዩ ከባድ በረዶ ሊጥል አረንጓዴ ሆነ። ሬታ ከጠረጴዛዋ ሥር ለመግባት ብቻ ነበር የደረሰችው። የእንቁላል ያህል በረዶ ጣራውን በስቶ ገባ፤ ሁለት መስኮት ረገፈ፤ አልጋዋ በውኃ ተሞላ። ሲያባራ ወጥታ ቤቷን ዞራ አየቻት። ማልቀስ ፈልጋ ነበር፤ ንዴቱ ቀደማትና የመኪናውን ጎማ በእርግጫ መታችው።

ኤልደን ሮጦ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ተርፌያለሁ» አለችው። «ኢንሹራንስ የገባሁት ለዚህ አይደል እንዴ? ምን እንዲህ ያደርግሃል?»

ባልዲ አንስቶ ውኃውን መቅዳት ጀመረ።

የኩባንያው ጉዳት ገማች በሦስተኛው ቀን መጣ። ወይዘሮ ማርጊትና ኤልደንም ነበሩ። ሰውየው ጣራውን ፎቶግራፍ አነሳና መዝገቡን ገለጠ። «እንግዲህ በማመልከቻው መሠረት ተጎታቿ የምትቀመጠው በወይዘሮ ሀውግ ግቢ ነው። የምታገለግለውም ለእረፍት ብቻ ነው። ትክክል ነኝ?»

ሬታ ክው አለች። ቀስ ብላ ዞረች። ኤልደን መሬት መሬቱን ያያል። ያን ጊዜ ገባት። የፈረመችውን እሱ ለውጦታል። የአባቷን ነገር ከሰማ በኋላ፣ በዚያው እጁ።

«ትክክል ነው» አሉ ወይዘሮ ማርጊት በረጋ ድምፅ። «እኔ ዘንድ ነው የምትኖረው። የልጄ እጮኛ ናት።» ከዚያ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው፣ «አዎ በይና ይለቅ፣ የኔ ልጅ። አንዲት ቃል ናት» አሏት።

አንዲት ቃል ብትል ጣራዋም ይሠራል፣ ኤልደንም ይቀርላታል። ሬታ ይህን ሁሉ አሰበችው፤ አላሰብኩም ብትል ውሸት ይሆናል።

«የምኖረው እዚህ ነው» አለች የተበሳውን ጣራ እያሳየች። «ዓመቱን ሙሉ። ያ አልጋዬ ነው፤ ያ ድስቴ ነው፤ ካፖርቴም ቁም ሣጥኑ ውስጥ አለ፤ ይግቡና ይዩት።»

ሰውየው አዘነላት መሰለ። «እመቤት፣ ይህን ከጻፍኩ ካሳ መክፈል አንችልም።»

«ይጻፉት።»

ጻፈ። ኤልደን አሁንም ዝም እንዳለ ነው። ሬታ አጠገቡ ሄዳ ቆመች። «ከበረዶው ይልቅ አንተ ነህ ያፈረስከኝ» አለችው። «ሂድልኝ።»

ጣራውን በሸራ ሸፈነች፣ መስኮቶቹን በጣውላ መታች። ማቆሚያው ውስጥ ያሉ ጎረቤቶቿ ፍራሽ አዋሷት። በስምንተኛው ቀን ሸራውን ስታጠብቅ ወይዘሮ ማርጊት መኪናቸውን አቁመው ወረዱ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ከፍ ብሎ ሰማችው።

«ደስ አለሽ? ልጄን አስጨረስሽው።»

«ምን ሆነ?»

«ምን ሆነ ትለኛለች። ሱ ፎልስ ከተማ ድረስ ሄዶ ለኩባንያው ቃሉን ሰጠ። እሷ እውነቱን ነግራኝ ነበር፣ አንብባ ከፈረመች በኋላ የለወጥኩት እኔ ነኝ አለ። የወኪልነት ፈቃዱን ነጠቁት። ስሙን ከቢሮዬ በር ላይ በገዛ እጄ ነው የፋቅኩት።»

ሬታ ከመሰላሉ ወረደች። «እኔ እንዲህ አድርግ አላልኩትም።»

«አላልሽም! ሳትይው ማድረጉ ነው ነገሩ!» ሴትዮዋ ቦርሳቸውን ከፍተው አንድ ፖስታ ሰጧት። የካሳው ውሳኔ ነበር፤ ጥፋቱ የወኪሉ ስለሆነ ኩባንያው ጣራዋን ሙሉ በሙሉ ያሠራል ይላል። «ያን ቀን አዎ በይ ስልሽ፣ እሱን ለማዳን ነበር» አሉ ማርጊት፣ ድምፃቸው ተመልሶ ዝቅ ብሎ። «እናት ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለች ሬታ። «ግን እኔን አድራሻችሁ ሥር ልትደብቁኝ ነበር። እኔ የምደበቅ ሰው አይደለሁም።»

ሴትዮዋ ቦርሳቸውን ዘጉ። «አይደለሽም» ብለው መኪናቸው ውስጥ ገቡ።

ኤልደን በማግስቱ ጠዋት መጣ። ክራባት የለውም፤ የጣራ ማሸጊያና ሁለት ብሩሽ ይዟል። ሬታ በሩ ላይ ቆማ መንገዱን ዘጋችበት።

«ለምን ለወጥከው?»

«ኩባንያው ቤቷን ለሥራም ትጠቀምባታለች ብሎ ማመልከቻሽን መለሰው። ኢንሹራንስ ካጣሽ ወደ ሌላ ግዛት ትሄጃለሽ ብዬ ፈራሁ። በኋላ አስተካክለዋለሁ አልኩ፤ እያደር መናገሩ ከበደኝ።»

«የአባቴን ነግሬህ እያለ?»

«ነግረሽኝ እያለ።» ምክንያት አልጨመረም። «ሰውየው ሲጠይቅሽም ዝም አልኩ። የሚያሳፍረኝ ከሁሉ በላይ እሱ ነው።»

ሬታ ልታባርረው ስምንት ቀን ሙሉ ስታሰናዳው የከረመችው ንግግር ነበራት። አንዱም አልመጣላትም። ትወደዋለች፤ ያናደዳትም እሱ ነው። «ሠራተኞቹ የሚመጡት በሚቀጥለው ሳምንት ነው» አለች በመጨረሻ። «እስከዚያ ዝናብ እንዳይገባ ስንጥቁን ድፈን። ይቅር ብዬሃለሁ ማለት ግን አይደለም።»

«አላልኩም።»

«ሲመሽስ ወዴት ትሄዳለህ?»

«እናቴ በሩን አልዘጋችብኝም። የወጣሁት እኔ ነኝ።» ወደ መሰላሉ እየሄደ፣ ዞር ሳይል፣ «ላይኛው ክፍል ፀሐይ ይገባዋል ያልኩሽ ጊዜ፣ እኔ ራሴ እዚያ ቤት ሠላሳ ዓመት ታፍኜ እንደኖርኩ አልገባኝም ነበር» አላት።

ሬታ እሱ ጣራው ላይ ሲያንኳኳ እየሰማች፣ ደረጃዋ ላይ ተቀምጣ ስልኳን አነሳች። በተጎታች ቤታቸው ውስጥ የሚኖሩና የሚሠሩ ተጓዦችን የሚቀበል ሌላ ኩባንያ ከጎረቤቶቿ ሰምታ ነበር። ያነሳችው ሴት ጥሪው እንደሚቀዳ ነገረቻትና ጥያቄዋን ጀመረች። የመንጃ ፈቃድ ከየት ነው? ከሳውዝ ዳኮታ። ይኖሩባታል? እኖርባታለሁ። ይሠሩባታል? መቀሶቼ አልጋዬ ሥር ናቸው።

«በቤቱ ውስጥ በቋሚነት ስንት ሰው ይኖራል?»

ሬታ ተነስታ ወደ ኋላዋ ጥቂት ተራምዳ ጣራውን ቀና ብላ አየች። ኤልደን በጉልበቱ ተንበርክኮ ስንጥቁን ይቀባል፤ ጆሮው በፀሐይ ተቃጥሏል።

«ኤልደን።»

«አቤት።»

«እዚህ ቤት በቋሚነት የሚኖረው ስንት ሰው ነው?»

ብሩሹ ቆመ።

«ድምፅህ እየተቀዳ ነው» አለችው። «ለእረፍት ከሆነ ለእረፍት ነው በል፤ አልቀየምህም። ከዋሸህ ግን ከጣራዬ ላይ ትወርዳለህ።»

እየዳኸ እስከ ጣራው ጫፍ መጣ። ዐይኑን አልሰበረም። ወንዙ ዳር ያሉት ጎረቤቶች ሁሉ ሥራቸውን ትተው ያዳምጡ ነበር፤ እሱ ግን የሚያየው እሷን ብቻ ነው።

«ሁለት» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጎ። «ዓመቱን ሙሉ።»

ሬታ ስልኩን ወደ ጆሮዋ መለሰች። «ሁለት ነን።»

«መልካም» አለች ሴትዮዋ እየጻፈች። «ዝምድናችሁ ምንድን ነው?»

«እሱን» አለች ሬታ፣ «ከጣራ ሲወርድ እንነጋገርበታለን።»