የዳባቱ ተወካይ

አርፍጄ ስለደረስኩ ያገኘሁት ወንበር ላይ ዘፍ አልኩ። ከፒያሳ የያዝኩት ባጃጅ አዳራሹ ካለበት ከማራኪ ሰፈር ሳይደርስ ተበላሽቶ፣ የቀረውን መንገድ በሩጫ ነበር የመጣሁት።

«ይቅርታ እህቴ... ከዳባት ነው የመጡት?» አለኝ አንድ ረጅም ወጣት ጎንበስ ብሎ።

«አይ፣ የጎንደር ከተማ ተወካይ ነኝ።»

«እንግዲያው ዳባት ላይ ተቀምጠዋል!»

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጽሑፍ አየሁና በእፍረት ሳቅኩ። እሱም ሳቀ። አላምረው ይባላል፤ የግብርና ባለሙያ ነው። በአዲሱ ሕገ መንግሥት ረቂቅ ላይ ልንመክር ከየወረዳው ተመርጠን ነበር የተሰበሰብነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ምሳ አብረን መብላት ጀመርን። አንቱታውም ቀረ። እኔም ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት መቆየት አበዛሁ...

ጠበቃ ነኝ። እዚያ አዳራሽ የገባሁት ለአንድ አንቀጽ ብዬ ነው፤ ባሏ የሞተባት ሴት ከመሬቷ እንዳትነቀል። አባቴ ሲሞት ዘመዶቹ እናቴን እንፍራንዝ ካለው እርሻችን አባረዋታል። ይህን ለአላምረው ስነግረው ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

አንቀጹ ለውይይት ሲቀርብ ግን ተነሳና፣ «የዳባት ሕዝብ ይህን አልተቀበለም» አለ!

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ስወጣ ተከተለኝ።

«ልዕልት፣ እባክሽ ስሚኝ...»

«ምኑን ልስማህ? እናቴን ነው የካድካት!»

ጥዬው ሄድኩ። በማግስቱ ወንበሩ ባዶ ነበር። አፍሮ የቀረ መሰለኝ። እየተናደድኩበት ናፈቀኝ...

ድምፅ በሚሰጥበት ጠዋት ጫማው ጭቃ እንደያዘ ገባ። እጁንም አወጣ።

«ዳባት ሄጄ የላኩኝን ሰዎች ሰብስቤ ነበር። ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ አያ ባዬ የተባሉ ሽማግሌ፣ ‹ምነው፣ የኛዎቹስ ሴቶች ልጆች ባል ቢሞትባቸው የት ሊገቡ ነው? ይሄማ ሸጋ ነገር ነው› አሉ። አሁን ዳባት ደግፏል።»

አንቀጹ አለፈ። እያለቀስኩ ወደ እሱ ሄድኩ።

«ታዲያ ያን ቀን ለምን ተቃወምክ?»

«እኔማ ድሮም ካንቺ ጋር ነበርኩ። የተላከ ሰው ግን የራሱን አይናገርም። አሁን ስለራሴ ልናገር?»

«ተናገር።»

«እወድሻለሁ፣ ልዕልት።»

እጁን ያዝኩት።

ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ የመጡበትን ሲናገሩ እናቴ ለእነሱ ሳትመልስ ወደ እኔ ዞረች።

«እኔን ሲድሩኝም ሆነ ከመሬቴ ሲያስወጡኝ የጠየቀኝ የለም። አንቺን ግን እጠይቅሻለሁ። ትወጂዋለሽ?»

«በጣም እንጂ፣ እማዬ!» አልኩ ጮክ ብዬ።

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። በጥር ተጋባን።