ጀርባው የተዘጋ ቀለበት

«ነገ ሞጣ አብረሽኝ ትሄጃለሽ?»

ሰሎሜ ደብተሮቿን እንዳቀፈች ቢቸና ባለው ትምህርት ቤቷ በር ላይ ቆመች። የጠየቀቻት አገሬ ናት፣ የጓደኛዋ የሀይማኖት ታላቅ እህት።

«ሀይማኖት ነገ ማጠናከሪያ ትምህርት አለባት፤ ብቻዬን መሄድ ደግሞ ፈራሁ» አለች አገሬ። «ቀለበቱን ላስመረምረው ነው።»

ሰሎሜ እምቢ የምትልበት ምክንያት ፈለገች፤ አጣች። «እሺ እታለም» አለች።

ከሦስት ሳምንት በፊት እጮኛዋ እንዳለው ለአገሬ ቀለበት ሲያደርግላት ሰሎሜም ነበረች። ቀለበቱ የሟች እናቱ ነው። ዓረብ አገር ብዙ ዓመት ሠርተው የገዙት፣ መሐሉ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል አልማዝ ያለችበት። ሰሎሜ ቀረብ ብላ ስታየው ድንጋዩ ጭስ የጠጣ ይመስል ፈዞ ነበር።

ከቀለበቱ በኋላ በነበረው ሰኞ፣ በእረፍት ሰዓት፣ ሀይማኖት በሌለችበት፣ ሁለት የክፍሏ ልጆች ስለ ቀለበቱ ጠየቋት። «ባክሽ፣ የምን አልማዝ?» አለች። «አልማዝ ቲክቶክ ላይ አይቻለሁ፤ ዓይን ነው የሚወጋው። ያ መስታወት ነው። ተሸውዳለች።» ልጆቹ ሳቁ። ሲስቁላት ደስ አላት። ሌላ ምክንያት አልነበራትም።

ወሬው ሳምንት ሳይሞላው አገሬ ጆሮ ደረሰ። አገሬ እንዳለውን ጠየቀችው፤ በንዴት ክፉ ቃልም ተናገረችው። እሱ አልተከራከረም። «አስመርምሪው» ብቻ ብሏት ወጣ። ከዚያ ወዲህ አልደወለም።

ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባሱ ደብረ ወርቅን እንዳለፈ አገሬ ወደ ሰሎሜ ዞረች።

«ማን እንዳወራብኝ ግን አውቃለሁ። ውበቴ ናት።»

ውበቴና አገሬ በአንድ ልብስ ስፌት ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠው ነው የሚሠሩት።

«ከጣቴ አውልቄ ያሳየኋት እሷን ብቻ ነው» አለች አገሬ። «ከዚያ ወዲህ አላናገርኳትም። ትናንት ጥግ ይዛ ስታለቅስ አየኋት። ዝም አልኳት።»

ሰሎሜ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። የጤፍ ማሳው እያለፈ ነው። አንድ ነገር ለማለት አፏን ከፈተች፤ ከኋላ የተቀመጡ ሴትዮ ሲያስሉ መልሳ ዘጋችው።

ሞጣ ላይ የተጠቆሙት ወርቅ ቤት የጋሽ አብዱራዛቅ ነበር። ጋሽ አብዱራዛቅ ጢማቸው የሸበተ፣ ንግግራቸው ረጋ ያለ ሰው ናቸው። ቀለበቱን ተቀብለው በማጉያ መነጽር አገላብጠው አዩት። ከዚያ እስክሪብቶ የመሰለች መሣሪያ አውጥተው ጫፏን ድንጋዩ ላይ አሳረፉ። መሣሪያዋ ጮኸች።

«አልማዝ ነው» አሉ።

አገሬ አፏን በእጇ ሸፈነች። የጠየቀችው ሰሎሜ ናት።

«ታዲያ ለምን አያበራም?»

«አልማዝ የራሱ ብርሃን የለውም፣ ልጄ። በላይ የገባለትን ብርሃን ነው ከሥሩ አንጸባርቆ ወደ ዓይንሽ የሚመልሰው።» ቀለበቱን ገልብጠው አሳዩዋት። «ይሄን እይው። ዙሪያውን ወርቅ አንቆታል፤ ጀርባውም ተደፍኗል። በጠርዙ በኩል ሳሙናና ቅባት እየገባ ሥሩ ላይ ደርቋል። ብርሃኑ ገብቶ እዚያው ይቀራል። ማን ነው እንዲህ ያሠራው?»

«እናቱ ናቸው» አለች አገሬ ቀስ ብላ። «የሰው ቤት ሲያጥቡ፣ ሲፈትጉ እንዳይወድቅባቸው።»

«ለመጠበቁ ጠብቆታል» አሉ ጋሽ አብዱራዛቅ።

አገሬን አስፈቅደው የወርቁን ጠርዝ በቀጭን መሣሪያ ፈለቀቁ። ድንጋዩን ለብ ባለ የሳሙና ውሃ በለስላሳ ብሩሽ አጠቡና በወረንጦ ይዘው ወደ በሩ ፀሐይ አወጡት። ሰማያዊና ቀይ ፍንጣሪ ግድግዳው ላይ ተበተነ፤ አንዱ ሰሎሜ እጅጌ ላይ አረፈ። ክንዷን ወደ ኋላ ሳበች።

«በአራት የወርቅ ጥፍር ብቻ ብይዘው ልክ እንዲህ ያበራል» አሉ። «ችግሩ ጥፍሩ ጨርቅ ይይዛል።»

«እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ዙሪያውን እንዳለ እተወዋለሁ። ጀርባውን ልክፈትለት፣ ይበቃዋል። አልፎ አልፎ እጠቢው።»

ሥራው እስኪያልቅ ደጅ ቆመው ሲጠብቁ አገሬ እንዳለው ጋ ደወለች። «አጥፍቻለሁ» ስትል ሰሎሜ ሰማቻት። ከዚያ ለረጅም ጊዜ አዳመጠች፤ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ መጨረሻ ላይ ሳቅ አለች።

ሲመለሱ አገሬ እጇን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ቀለበቱን ታገላብጣለች። «እንኳን አብረሽኝ መጣሽ» አለቻት። «እንደ እህቴ ነሽ።»

ነገሩ አልቋል። እንዳለው ታርቋል፤ ሁለቱ ልጆችም ወሬውን ከማን እንደሰሙት ረስተውት ይሆናል። ሰሎሜ ይህን ለራሷ ደጋግማ ነገረች።

«ውበቴን ግን ሠርጌ ላይ አልጠራትም» አለች አገሬ።

«ውበቴ አይደለችም።»

አገሬ ቀና አለች። «ምን አልሽ?»

«መስታወት ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ለክፍሌ ልጆች። ውበቴ ምንም አላለችም። ትናንት ልነግርሽ ይገባ ነበር። ስንሄድም መናገር ነበረብኝ።»

አገሬ አየቻት። አልተቆጣችም። እጇን ከጉልበቷ አንስታ ነጠላዋ ውስጥ አስገባች፣ ፊቷንም አዞረች።

ቢቸና መናኸሪያ ሲወርዱ አገሬ «ለሀይማኖት ራስሽ ንገሪያት» አለችና ወደ ቤቷ ሄደች።

ሰሎሜ ባጃጆቹ መሐል ቆማ ቀረች። የእሷ ቤት በግራ በኩል ነው። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ የልብስ ስፌት ቤቱም በዚህ ሰዓት አይዘጋም። በቀኝ በኩል ታጠፈች። ደጁ ጋ ስትደርስ የስፌት መኪናው ድምፅ ይሰማል። ውበቴ ብቻዋን አቀርቅራ ትሰፋለች። ሰሎሜ የበሩን ደፍ ተሻግራ ቆመች፤ ቀና ብላ እስክታያት ጠበቀች።