የሸክላ ሠሪዋ ጣሳ

ስርጉት ሞታ የተገኘችው እቶኑ ሥር ነው።

ሸክላ የሚተኮስበት ቀን ነበር። ከጋፋት በታች ያሉት ሸክላ ሠሪዎች እንጨትና ጭድ አዋጥተው በአንድ እቶን ነው የሚተኩሱት። ጠዋት ሸክማቸውን ይዘው ሲመጡ ስርጉት የፍልጥ ክምር ተደግፋ ተቀምጣለች። እንቅልፍ የወሰዳት መስሏቸው አንዷ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት። በጎኗ ወደቀች።

ከንፈሯ ላይ አረፋ ደርቋል። እግሯ ሥር ጠላ የነበረበት ጣሳ ተጋድሟል። አተላው የነቀዝ መድኃኒት ይሸታል።

ኢንስፔክተር ሕሊና ከደብረ ታቦር እስክትደርስ የላይ ሰፈር ሰዎች ከአጥሩ ማዶ ተኮልኩለው ነበር። አንድም ሰው ወደ ውስጥ አልገባም። ሸክላ ሠሪ ግቢ አይገባማ! በስርጉት ምጣድ ጋግረው፣ በስርጉት ድስት ወጥ ሠርተው የሚበሉ ሰዎች ሬሳዋን ቀርበው ለማየት ተጠየፉ።

"ቡዳ ለቡዳ ተበላሉ" አለ አንዱ። ሌሎቹ ሳቁ።

ሕሊና ዞር ብላ አየቻቸው። ሳቁ ቆመ፤ መጠየፉ ግን እዚያው ነበር።

ተጠርጣሪ ለማግኘት አልተቸገረችም። መንደሩ ራሱ አቀረበላት።

"ታናሽ እህቷ ሙላቴ ናት" አለ ይሻው የተባለው የቀበሌው ሚሊሻ። "ሰሞኑን ሲጣሉ አገር ሰምቷል።"

መጣላታቸው እውነት ነው። ጢስ ማውጫ ያለውን አዲሱን እቶን ያመጣችው ስርጉት ናት። ሙላቴ ግን እንደ እናታቸው መሬት ላይ ከምሮ መተኮሱን ነበር የምትፈልገው። ባለፈው ጊዜ ማሰሮዎቿ እቶኑ ውስጥ ሲፈነዱ፣ "አንቺው ተቃጠዪበት!" ብላ በሰው ፊት ጮኻለች። ቤቷ ሲፈተሽ ደግሞ የነቀዝ መድኃኒት ተገኘ። በየገበሬው ቤት የማይጠፋ ነገር ነው፤ ሸክላ ሠሪ ቤት ሲገኝ ግን ማስረጃ ሆነ።

"ገደልሻት?" አለች ሕሊና፣ ጣቢያ ውስጥ።

"እህቴን?"

"ዝተሽባታል።"

"ዝቻለሁ። የስንት ቀን ልፋቴ ሲፈነዳ ምን ላድርግ? ልሳቅ?"

"መጨረሻ ያየሻት መቼ ነው?"

"ትናንት ከሰዓት። አዲስ ጋን አዝላ ስትወጣ።"

"ለማን ልትሰጥ?"

ሙላቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። "አልጠየቅኋትም። ኩርፊያ ላይ ነበርን። ምነው አፌ በተከፈተ ኖሮ!"

ወደ ማረፊያ ክፍል መለሷት።

የስርጉት ልጅ ቤዛዊት ከጣቢያው በር አልነቃነቅ አለች። እናቷ ሞታለች፤ የቀረቻት አንዲት አክስት ናት፤ እሷም ሊፈረድባት ነው። እጮኛዋ ቃለአብ አጠገቧ ቆሞ እንባዋን ይጠርግላታል። ቃለአብ የላይ ሰፈሯ የወይዘሮ ፋሲካ ልጅ ነው፤ ከተማ ውስጥ መምህር ነው።

"አክስቴ አልገደለቻትም" አለች ቤዛዊት። "እናቴ ጠላት የላትም። የቃለአብ እናት እንኳ ሠርጉን እሺ ብለዋታል። ደስ ብሏት ነው የሰነበተችው።"

ቃለአብ አንገቱን ደፋ።

ሕሊና ቢሮዋ ገብታ ጣሳውን እያገላበጠች ማየት ጀመረች። ባልደረባዋ ደረጄ ከሌላ ክልል ተዛውሮ ከመጣ ብዙ አልቆየም።

"ምን አዩበት?" አላት።

"እቶኑ አጠገብ የሸክላ ዋንጫ በመደርደሪያ ሞልቶ አላየህም? ዋንጫ የምትሠራ ሴት በገዛ ግቢዋ ምን ሲደረግ በጣሳ ትጠጣለች?" ጣሳው አፍ ላይ የታሰረውን ሽቦ አሳየችው። "ይሄ መስቀያው ነው። እዚህ አገር ሸክላ ሠሪ ደጅህ ስትመጣ የምትጠጣበት ለብቻው ነው። ከሌላው ዕቃ እንዳይነካካ ውጭ ይሰቀላል።"

"ውጭ?"

"ውጭ። አባቴም ቤት ነበር።"

ደረጄ የመኪናውን ቁልፍ አነሳ።

ላይ ሰፈር ወጡ። ጣሳው በየቤቱ አለ፤ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ተንጠልጥሏል። ማንም አልደበቀውም። የሚያሳፍር መስሎ የታየው ሰው የለማ! ወይዘሮ ፋሲካ ቤት ግን ሚስማሩ ባዶ ነው። ከሥሩ ግድግዳው ላይ የጣሳ ቅርጽ ያለው ዝገት ቀርቷል። በተከፈተው የጓዳ በር አዲስ ጋን ከነማዘያ ገመዱ ይታያል።

"እትዬ ፋሲካ፣ እዚህ የተሰቀለው የት ሄደ?"

"ምን ነበረና ልጄ?"

"የሸክላ ሠሪዋ ጣሳ።"

"እንጃ፤ ውሻ ወስዶት ይሆናል።"

"ጓዳ ያለው አዲሱ ጋንስ?"

"ከገበያ ገዝቼው ነው።"

"ማዘያ ገመዱን ማን ተወልዎት? ገበያ ላይ ገመድ ይመረቃል እንዴ?"

ወይዘሮ ፋሲካ ገመዱን አዩት። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ።

"አዎ፣ አጠጣኋት!" ብለው ጮኹ። "ምን ታረጊኝ? የልጄ አማት ተብላ በሠርጉ ዕለት ከጎኔ ልትቀመጥ! ከእኔ እኩል ከአንድ መሶብ! እምቢ ብለው ልጄ ይኮበልልብኛል። እሷ ስትሞት ግን ሠርጉ ለቅሶ ይሆናል። እህቷ ገደለቻት ሲባል ልጅቱም አፍራ ካገር ትጠፋለች። ለሠርጉ ጋን አምጪ አልኳት፤ እየሳቀች መጣች።"

አንቱታው እዚህ ላይ ቀረ።

"እዚያ ድረስ ብቻሽን ተሸክመሽ አወረድሻት?" አለች ሕሊና።

ፋሲካ ደጅ የታሰረውን በቅሎ ሰረቅ አድርጋ አየች።

ጣቢያ ሲመለሱ ቃለአብ እዚያው በሩ ላይ ነበር፤ እጁ ቤዛዊት ትከሻ ላይ። እናቱን በካቴና አያት። ብዙም ሳይጠየቅ ተናዘዘ።

"ከሥራ ስመለስ ሞታለች። እናቴ ናት፣ ምን ላድርግ? አሳልፌ ልስጣት? በቅሎ ላይ ጫንኳት፤ ጭድ አለበስኳት። በማግስቱ ሸክላ ሊተኮስ ጭድ የጫነ በቅሎ ማን ልብ ይለዋል?"

"ጣሳውን ያስያዘችህ እናትህ ናት?"

"አይ፣ እኔ ነኝ። እዚያው የጠጣች እንዲመስል።"

"እዚያ ዋንጫ ሞልቷል። በአንዱ ቀድተህ ቢሆን ኖሮ ሙላቴ ዕድሜዋን ሙሉ እስር ቤት ትማቅቅ ነበር። ለምን ጣሳ?"

ጥያቄው ቃለአብን ግራ አጋባው። እንደ ሞኝ አያት።

"አላሰብኩትማ" አለ። "እነሱ የሚጠጡት በጣሳ ነው።"

ቤዛዊት እጁን ከትከሻዋ ላይ አነሳችው። አልጮኸችም። አላለቀሰችም።

"እኔንስ?" አለችው። "እኔን በምን ልታጠጣኝ ነበር?"

ደረጄ ለቃለአብ ካቴናውን አስገባለት።