የጨፋ ሮቢቱ ደንበኛ

ኢንስፔክተር ረቢአ ከሚሴ ከሚገኘው «ለምለም» የከብት አገናኝ ድርጅት ስትደርስ ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። መዝጋቢው ሰልማን ከጠረጴዛው ሥር በግንባሩ ተደፍቷል። ጠረጴዛው ላይ ግማሹ የጎደለ ሻይና ክዳኑ የተከፈተ የነቀዝ መድኃኒት አለ። ኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ አንዲት መስመር ተጽፋለች፦ «የደንበኞቹን ዝርዝር የሸጥኩት እኔ ነኝ። አፉ በሉኝ።»

ከሟቹ ራስጌ የቆሙት የድርጅቱ ባለቤት ሀጂ አብዱልጀባር ናቸው። «ኢናሊላሂ» ማለቱንስ ብለዋል፤ አፋቸውን ሳይገጥሙ ግን ወደ ኪሳራቸው ገቡ።

«አራት ሚሊዮን ሰባት መቶ ሺህ ብር ነው ያከሰረኝ፣ ልጄ! አሁን ከማን እጠይቃለሁ?»

«ከሬሳው እንዳይሆን ብቻ» አለች ረቢአ ጓንቷን እያጠለቀች።

ረቢአ ሃያ ዓመት ሌባ ስታሳድድ ኖራለች፤ ሌባን ግን ንቃ አታውቅም። የምትንቀው በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ተኝቶ ሲያበቃ «ተዘረፍኩ» እያለ ሰፈር የሚያውከውን ሰው ነው።

«ለምለም» በሰንበቴ ገበያ ሻጭና ገዢ ያገናኛል። ከአፋር ቆላ የወጣው አርብቶ አደርም ሆነ ከጨፋ ሸለቆ በሬውን የነዳው ገበሬ ስሙን፣ ስልኩንና የሸጠበትን ዋጋ ያስመዘግባል፤ ገንዘቡ በስልኩ ይገባለታል። ከሦስት ወር በፊት ይህ ዝርዝር አጭበርባሪዎች እጅ ገባ። ሻጩን በአባቱ ስም ጠርተው፣ የበሬውን መልክ ሳይቀር ነግረው፣ «ከለምለም ነው የምንደውለው፤ የሚስጥር ቁጥርዎን ይንገሩን» ይሉታል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው በምን ይጠረጠራል? ስልሳ ሦስት ሰው ባዶ እጁን ቀረ። ድርጅቱ ካሣ ከፈለ፣ ጠበቃ ቀጠረ፣ የደንበኛው ግማሽ ጥሎት ሄደ።

«ዝርዝሩ ቁልፍ አልነበረውም?» ብላ ጠየቀች።

«የምን ቁልፍ? ጎተራ ነው እንዴ?» አሉ ሀጂ።

ጥግ ላይ ዓይኗ አብጦ የተቀመጠችው ገንዘብ ያዥ ዙቤይዳ አንድ ወረቀት አቀበለቻት። «ሰልማን ጠይቆ ነበር። ያኔ ገና ምንም ሳይደርስብን።»

ደብዳቤው ለዝርዝሩ መጠበቂያ መቶ ሰማንያ ሺህ ብር ይጠይቃል። ከዳር በሀጂ እጅ «ትርፍ ወጪ፤ አያስፈልግም» ተብሎበታል።

«የይለፍ ቃሉስ?»

«የሀጂ መኪና ታርጋ ነው» አለች ዙቤይዳ። «ሁላችንም በሱ ነው የምንከፍተው።»

መኪናዋ ደጅ ላይ ቆማለች፤ ታርጋዋን መንገደኛ ሁሉ ያነበዋል። ረቢአ በመስኮት አየቻትና ፊቷን መለሰች።

ቢሮው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ለዙህር ሶላት ይዘጋል። ሀጂ መስጊድ፣ ዙቤይዳ ቤቷ ሄደው ነበር፤ ሰልማን እዚያው ሰግዶ እዚያው ይቀራል። ቁልፍ ያለው ከሁለቱ ሌላ ምክትል ሥራ አስኪያጁ ሙጂብ ብቻ ነው፤ የሀጂ የእህት ልጅ። ለሦስት ሳምንት ከተላከበት ከአዲስ አበባ ገና መመለሱ ነው፤ ሻንጣው እንኳ ከእጁ አልወረደም።

«ስምንት ተኩል ላይ ነው ከሚሴ የገባሁት» አለ እንባውን እየጠረገ። «ምስኪን! ጸጸቱ ነው የገደለው። ሻዩን ይዞ፣ ብቻውን...»

«ሻዩን ማን አመጣለት?» አለች ረቢአ።

ዙቤይዳ ቀና አለች። «ሻይ? ሰልማን እኮ ሲጾም ሁለት ሳምንት ሆነው። "የሰው አማና፣ የሰው አደራ በእጄ ጠፋ" ብሎ።»

«እውነቷን ነው» አሉ ሀጂ። «የሻይ ወጪያችን እንኳ ቀንሶልን ነበር።»

ረቢአ ጀርባዋን ሰጥታቸው የሻዩን ብርጭቆ በፌስታል ከተተች። መልስ መስጠቱ ራሱ ክብር መስጠት መሰላት።

ረቢአ የሰልማንን ባለቤት ሙናን ቤቷ በሰው ተከባ አገኘቻት፤ ቁጥሩ ግን ለለቅሶ ቤት ትንሽ ነው። ወሬው ቀድሞ ሰፈሩን አዳርሶታል፦ ሌባ ነው፣ ራሱንም አጥፍቷል። ሀጂም ጊዜ አላጠፉም፤ ሰልማን ለሥራው ዋስትና ያስያዘውን ቤት እንድታስረክብ መልእክት ልከዋል።

«ቤቱን ይውሰዱት» አለች ሙና። «ነገ ከጁምዓ በኋላ ይቀበራል። ጎረቤቱ "ጀናዛው ላይ አንቆምም" ይላል። ልጆቹ የሌባ ልጆች ተብለው ሊያድጉ ነው። ያ ረቢ!»

«ባልሽ ቤት ያመጣው ነገር አለ?»

ሙና ከሣጥን ሦስት ባለቁልፍ ስልኮች አወጣች። በየጀርባቸው ስም የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፏል።

«ከወር በፊት በደሞዙ ገዛቸው። ባለፈው ማክሰኞ ይኼኛው ጮኸ። "ዓብዱልመጂድ ጀይላን ነህ?" አሉት፤ "አዎ" ብሎ አዳመጣቸው። ሲዘጋው አለቀሰ። ማነው ብዬ ብጠይቀው "ነውሩን ራሱ ለሀጂ ይናገር፣ እስከ ሐሙስ ቀን ሰጥቼዋለሁ" አለኝ። ስሙን አልነገረኝም።»

ረቢአ ስልኮቹን በእጇ መዘነቻቸው። መቶ ሰማንያ ሺህ የተነፈገው ሰው በሦስት ርካሽ ስልክ ወጥመድ አጥምዷል። ሰልማንን በሕይወቱ ባለማወቋ አዘነች።

ዓርብ ጠዋት በአራት ሰዓት ሁሉም ቢሮው ውስጥ ተሰበሰቡ። ሙና በር አጠገብ ተቀመጠች። ሁለት ፖሊሶች ከኋላ ቆሙ።

«ከወር በፊት ሰልማን አዲስ ዝርዝር አትሞ ለሦስታችሁም ሰጥቶ ነበር። አምጡልኝ» አለች ረቢአ።

የሀጂ ዝርዝር ከነፖስታው ወጣ፤ ማኅተሙ እንኳ አልተነካም፤ ረቢአ ራሷ ቀደደችው። የዙቤይዳው በአገልግሎት ብዛት ጫፍ ጫፉ ተቀዷል። ሙጂብ ከኪሱ ቁልፍ አውጥቶ መሳቢያውን ከፈተና የራሱን በልበ ሙሉነት አስቀመጠ።

«አንድ ገጽ አልጎደለም» አለ።

«አልጎደለም። እንዲያውም ተርፏል» አለች ረቢአ ገልጣ እያነበበች። «"ዓብዱልመጂድ ጀይላን፣ ጨፋ ሮቢት፣ ሁለት ወይፈን።" ይህ ደንበኛ በሀጂ ዝርዝር ላይ የለም። በዙቤይዳም ላይ የለም። በዓለምም ላይ የለም። ሰልማን በእያንዳንዳችሁ ዝርዝር አንድ አንድ የሌለ ሰው ጨምሮ፣ ስልካቸውን ቤቱ አስቀምጦ ጠበቀ። ማክሰኞ አጭበርባሪዎቹ የደወሉት ያንተ ዝርዝር ላይ ወዳለው ሰው ነው።»

«ማንም ሰው ከመሳቢያዬ...»

«ቁልፉን አሁን ከኪስህ ስታወጣ ሁላችንም አየን። የሰልማን ስልክ ደግሞ ማክሰኞ ጥሪው በተዘጋ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ላንተ ደውሏል። ሰውየው ነውርህን ሸፍኖ የመናዘዣ ቀን ሰጠህ። አንተም ቀኑን ተጠቀምክበት።»

«ወላሂ፣ እኔ እዚህ አልነበርኩም! ራሱ ነው የጠጣው!»

«አልጠጣም። ሐኪሙ በአፉም በጉሮሮውም ጠብታ አላገኘም። ከኋላው ማጅራቱን ተመትቶ ነው የሞተው። ሻዩን ገዳዩ ከቢሮው ፔርሙስ ቀድቶ አስቀመጠው። አሁን ልብ በሉ፦ ሀጂ እንደሚጾም ያውቃሉ፤ የሻይ ወጪ ቆጥረውበታል። ዙቤይዳም ታውቃለች። ለጾመኛ ሻይ የሚቀዳው ሦስት ሳምንት ከዚህ ቢሮ የራቀ ሰው ብቻ ነው።»

ሙጂብ ወደ በሩ ተመለከተ፤ ሁለቱ ፖሊሶች አንድ እርምጃ ቀረቡ።

«ስምንት ተኩል ከሚሴ ገባሁ ብለሃል» ብላ ረቢአ ከመናኸሪያ ያመጣችውን ወረቀት ዘረጋች። «ይኼም የስም ዝርዝር ነው። የመጣህበት መኪና ተሳፋሪዎች ከነስልካቸው ተመዝግበዋል፤ ከሚሴ የደረሰው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ስምህ ሦስተኛው ነው።»

ሙጂብ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። «ጊዜ ስጠኝ ብዬ ለመንኩት» አለ። «"ቀኑ ዛሬ ነው" አለኝ።»

ሀጂ ብድግ አሉ። ሙና ስለ ሟቹ የሚናገሩ መስሏት ቀና አለች።

«በስንት ሸጥካቸው?» አሉ።

«በሰባ ሺህ።»

«በሰባ ሺህ!» ሀጂ ራሳቸውን ያዙ። «የኔን አራት ሚሊዮን በሰባ ሺህ! አንድ በሬ እንኳ አይገዛም እኮ!»

ዙቤይዳ ለቅሶዋን አቁማ አፈጠጠችባቸው።

«ሀጂ» አለች ረቢአ ዝግ ብላ። «የእህትዎ ልጅ ነፍሰ ገዳይ ነው፤ ገመዱን ለሱ አጠልቅለታለሁ። ለእርስዎ ግን የሚሆን ሕግ የለኝም። ሰልማን ደንበኞችዎን ለመጠበቅ ለመነዎት፤ ከለከሉት። ጾመ፤ ሻይ ቆጠሩበት። ሞተ፤ ቤቱን ጠየቁ። ያችን የዋስትና ወረቀት አሁን ያውጧት።»

ሀጂ ወረቀቷን አወጡና ለሙና ዘረጉላት። ሙና ተቀብላ አጥፋ ያዘቻት። አላመሰገነቻቸውም።

ከጁምዓ በኋላ የሰልማን ጀናዛ መስጊዱ ግቢ ወረደ። ረቢአ ከአጥሩ ውጭ ከሙና ጋር ቆመች። ጎረቤቶቹ አፍረው አንገታቸውን ደፍተው መጡ። ቀጥሎ ከሰንበቴ ሁለት አይሱዙ ሰው ጢም አድርጎ ጭኖ ደረሰ፤ ገንዘባቸውን የተበሉት ገበሬዎችና አርብቶ አደሮች ነበሩ። ዙቤይዳ ሙጂብ እንደተያዘ ከዝርዝሯ ላይ እያየች ለስልሳ ሦስቱም ደውላ፣ «ሰልማን አልሸጣችሁም» ብላቸው ነበር።

ሰልፉ ትከሻ ለትከሻ ገጠመ። ሀጂ አብዱልጀባር ዘግይተው መጡና ከፊት ቦታ ፈለጉ፤ የተጠጋላቸው የለም። ከኋላ ጫማ ከተቆለለበት አጠገብ ብቻቸውን ቆመው ሰገዱ።