ቀትር ላይ የጠራኋቸው እንግዶች

ማመን አለማመን የእናንተ ነው። እኔ የሆነውን ብቻ እጽፋለሁ።

ያለፈው ኅዳር ነው። ቀትር፣ ስድስት ሰዓት ላይ። ቶሮንቶ፣ ኖርዝ ዮርክ፣ መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ።

ሥራዬ ከቁፋሮ የወጡ ዕቃዎችን ማጠብ ነው። ገል፣ ዶቃ፣ የመዳብ ቁራጭ። የዚያን ሰሞን የመጣው ከከተማው በስተሰሜን ከነበረ የዌንዳቶች፣ የአገሬው ነባር ሕዝብ፣ መንደር ነው። አራት መቶ ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ፈረንሳዮች ቢቨር ለሚባል የወንዝ እንስሳ ቆዳ ንግድ ሲመጡ ዌንዳቶች ቤታቸው አስገብተው አበሏቸው። ከዚያ በሽታው መጣ። ፈንጣጣውም ተከተለ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ አለቀ።

ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ይህን ለፈተና አጥንቼዋለሁ። ምንም አልተሰማኝም ነበር።

ሥራውን የሚከታተል ሊዮ የሚባል ሽማግሌ አለ። እሱ ራሱ ዌንዳት ነው። ቀልድ ይወዳል።

“እዚህ ክፍል ምሳ አይበላም” አለኝ ገና እንደተቀጠርኩ።

“ዕቃው እንዳይበላሽ?”

“አይ። በማይበላ ሰው ፊት መብላት ነውር ስለሆነ።”

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

በዚያ ቀትር ግን ውጭ በረዶ ይጥላል። ሊዮም አልመጣም። ምሳዬን እዚያው ከፈትኩ።

ፊቴ አንዲት ትንሽዬ የሸክላ ማሰሮ ነበረች። የልጅ ሥራ ናት፤ ጠማማ። ጎኗ ላይ የአውራ ጣት ምልክት አለ... የእኔ ትንሿ ጣት እንኳ አትገባበትም።

አፈርኩ። ሰው ፊት ዝም ብዬ መጉረስ አልተማርኩም።

“እንብላ” አልኩ በሹክሹክታ።

እንጀራውን ቆርሼ ሽሮው ውስጥ ነከርኩ።

ግን ስጎርስ... ሽሮው ጨው አልነበረውም። ደግሜ ጎረስኩ። ምንም። ምላሴ ደነዘዘ። ቀጥሎ ጣቶቼ። ሙቅ ውሃ ውስጥ ብነክራቸውም ሙቀቱ አልተሰማኝም።

አልፈራሁም። ፍርሃቱም አብሮ የደነዘዘ ይመስለኛል።

የምኖረው ክሬሰንት ታውን ነው፣ ከአባቴ ታላቅ እህት ከእትዬ ጸሐይወርቅ ጋር። ስኳር አለባቸው። መርፌያቸውን ተወግተው ካልበሉ ራሳቸውን ይስታሉ። በዚህ አገር ከእሳቸው ሌላ ማንም የለኝም።

ያን ቀን ማታ ቤት ስደርስ በሩን ከፍተው ከኋላዬ አዩ።

“ግቡ እንጂ” አሉ።

“እትዬ... ብቻዬን ነኝ።”

“ዝም በይ! እንግዳ ደጅ አቁመሽ ጫማሽን ታወልቂያለሽ?”

ትልቁን ትሪ አወጡ። እኔ በበኩሌ በላሁ። እሳቸው አልነኩትም። ግን ከማዶ በኩል... እንጀራው ጎደለ።

“እርስዎስ አይበሉም?”

“መጀመሪያ እነሱ ይጥገቡ። አታዪያቸውም እንዴት እንደከሱ?” ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ልጆቹማ...”

በማግሥቱም እንደዚያው። ከዚያም በኋላ። ትሪው ባዶ ይሆናል፤ የእትዬ ፊት ይመነምናል። ተደብቀው ብስኩት ይቀምሳሉ እንጂ ማዕድ ላይ እጃቸውን አይሰዱም።

ለሊዮ ኮል አድርጌ የሆነውን ነገርኩት።

“ምን ብለሽ ጠራሻቸው?”

ነገርኩት። አልቀለደም።

“የእኛም ሰዎች ለመጣው ሁሉ እንደዚያ ይሉ ነበር” አለ።

“እንዴት ልመልሳቸው?”

“አላውቅም” አለ። “በዚያ ክረምት ሁሉም በአንድ ላይ ነው የታመመው። የሚያበስል አልነበረም። የሚያጎርስ አልነበረም... ያን ብቻ ነው የማውቀው።”

ቅዳሜ፣ እንደገና ቀትር ላይ፣ እትዬን ሶፋው ላይ አገኘኋቸው። መርፌውን ተወግተዋል። ግንባራቸው በላብ ርሷል። ትሪው ፊታቸው ቀርቧል።

አምቡላንስ ጠራሁ። መንገድ ላይ ነን አሉኝ።

ጁስ አስጠጋሁላቸው። ከንፈራቸውን ገጠሙ።

“እነሱ... ሳይጠግቡ...”

እንጀራ ጠቅልዬ ወደ አፋቸው ወሰድኩ። ጣቶቼ አይሰማቸውም። እጄ ባዶውን ተመለሰ።

የእትዬ አፍ ግን እንደተገጠመ ነው።

ደግሜ ጠቀለልኩ። እንደገና ባዶ።

ከዚያ በኋላ ማድረግ የምችለው አልነበረኝም። እጆቼን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ።

“እባካችሁ” አልኩ፣ ማንን እንደምለምን ሳላይ። “እሳቸውም ይብሉ። ሌላ ሰው የለኝም።”



እትዬ አፋቸውን ከፈቱ። ሰው ሲያጎርሳቸው እንደሚከፍቱት።

አኘኩ። ዋጡ።

ደግመው ከፈቱ...

እጆቼ ጭኔ ላይ ናቸው።

የአምቡላንስ ሠራተኞቹ ሲደርሱ ስኳራቸው ወደ ላይ እየወጣ ነበር። “ጎበዝ፣ በደንብ አብልተሻቸዋል” አለኝ አንደኛው።

አገጫቸው ላይ እርጥብ ጭቃ አየሁ። ልጠርገው ጎንበስ አልኩ።

የአውራ ጣት ምልክት ነው።

ትንሿን ጣቴን አስጠጋሁ። አልገባችም።

ጭቃው ሞቃት ነበር። ከዚያች ቀትር ወዲህ ጣቴ የለየው ሙቀት እሱ ብቻ ነው።