ከሚስማሩ የወረደው ጣውላ

ሾፌሩ ፈለቀ ጋራዡ ውስጥ ከሞተሩ አጠገብ በጀርባው ወድቋል። ደረቱን የበሳው የብረት ስባሪ ከአውራ ጣት አይበልጥም። የዲላ ፖሊስ መርማሪ መቶ አለቃ ሽብሩ ሬሳውን በሸራ ሸፍኖ ቀና ሲል፣ መካኒኩ ባህሩዲን ግድግዳው ላይ ያለውን ባዶ ሚስማር ትኩር ብሎ ያያል።

በዚያ ሚስማር ላይ ጣውላ ነበር። ባህሩዲን በመንገድ ሥራ ተሰባብሮ ከተጣለ ዶዘር ላይ ቱርቦ ፈቶ፣ ለአጎቱ የጭነት መኪና ሞተር ሲገጥም ከሁሉ በፊት ያዘጋጀው ይህን ጣውላ ነው። ቱርቦ ለሞተሩ አየር በግድ እያጎረሰ የፈረስ ጉልበቱን እጥፍ ያደርገዋል። እንዲህ ያለ ሞተር ካበደና ከልክ በላይ መፍጠን ከጀመረ ግን ናፍታ ቢዘጉበትም ላይቆም ይችላል፤ ያን ጊዜ የአየር መግቢያውን አፍ በጣውላ መድፈን ነው መድኃኒቱ። የዚያን ዕለት ጠዋት ሞተሩ የተቀመጠበት የብረት ማቆሚያ ሲወዛወዝበት፣ ባህሩዲን ጣውላውን አውርዶ ከአንዱ እግር ሥር ሸጎጠው። ለአንድ ሙከራ ምን ይሆናል ብሎ።

«እኔ ነኝ የገደልኩት፣ ጌታዬ።»

«እሱን እኔ ልድረስበት። አንተ የሆነውን ብቻ ንገረኝ።»

«ፈለቀ ነዳጅ ሰጠው። ፉጨቱ ሲያምር! ወዲያው ጭሱ ሰማያዊ ሆነ። 'ልቀቀው' ስለው 'ለቅቄዋለሁ' አለኝ። ሮጬ ናፍታውን ዘጋሁ። ባሰበት። ወደ ሚስማሩ ዞርኩ...»

«እሺ?»

«ቱርቦው ፈነዳ።»

የሽብሩ ዓይን ከሚስማሩ ተነሥቶ ወደ ማቆሚያው እግር ወረደና ተመለሰ።

ሲፈነዳ ጋራዡ ውስጥ ሌሎች ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው የባህሩዲን አጎት፣ የመኪናው ባለቤት ሐጂ አብዱልሰመድ ናቸው። «ናፍታውን ዝጉት እያልኩ ጮህኩ፣ ልጄ» አሉ። «እኔ የማውቀው ንግድ ነው፤ ሌላ ምን ልል?»

ሁለተኛው የሌላ ጭነት መኪና ሾፌር የሆነው ይርጋ ነው። ከከተማው መውጫ ባለው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ማንም ቀድሞት አያውቅም። እሁድ የሐጂን መኪና ከሚነዳው ከፈለቀ ጋር ሊሽቀዳደም ተቀጣጥሮ ነበር።

«ቱርቦ የሚሉትን ነገር ያየሁት ትናንት እዚሁ ነው» አለ። «እኔ መንዳት እንጂ መፍታት አላውቅም። ትናንት ፈለቀን 'እሁድ አቧራዬን ትጠጣለህ' ስለው፣ 'አንተ ጭሴን ታሸታለህ' ብሎኝ ተሳስቀን ነው የተለያየን።»

«ትናንት ማን ቀድሞ ወጣ?»

«ፈለቀ ወደ ቤቱ፣ ሐጂና ባህሩዲን አብረው ለመግሪብ ሰላት ወደ መስጊድ። እኔ ሲጋራዬን ጨርሼ በሩን ዘግቼላቸው ሄድኩ። ምነው?»

ሽብሩ ቱርቦውን አስፈታው። ዘይት ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚመለስበት ቱቦ በእንሰት ቃጫ ተወትፏል። መመለሻ ያጣው ዘይት ከአየሩ ጋር ገብቶ፣ ሞተሩ እሱን እንደ ናፍታ ሲጠጣ ነበር። ባህሩዲን እፎይ አለ፤ ወዲያው ሚስማሩን ሲያይ እፎይታው አሳፈረው።

«ቃጫ የሌለበት ቤት የለም» አለ ሽብሩ፣ ጠቅልሎ ኪሱ እየከተተው።

በሠልስቱ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ የፈለቀ ሚስት ጸሐይ ከይርጋ ፊት ቆመች። ያን ጠዋት ቁርስ ይዛ የጋራዡ በር ላይ ደርሳ ነበር።

«አንተስ ወንድሜ ልታድነው ሞክረሃል። ባህሩ ወደ ናፍታው ሳይነሣ 'ናፍታውን ተዉት፣ አፉን ድፈኑት!' ስትል ሰምቼሃለሁ። ጌታ ይባርክህ።»

ይርጋ አንገቱን ደፋ። ከጎኑ የተቀመጠው ሽብሩ የያዘውን ብርጭቆ ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ።

በማግስቱ ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰባቸው።

«ሞተሩን የሠራው ባህሩዲን መጀመሪያ የሮጠው ወደ ናፍታው ነው። ሐጂም የጮሁት ስለ ናፍታ ነው። ሞተር አልቆም ሲል ሁላችንም የምናስበው ይህንኑ ነው። አንድ ሰው ብቻ ገና ከጅምሩ 'ናፍታውን ተዉት' አለ። ሞተሩ ዘይት እየጠጣ መሆኑን ያውቅ ነበርና። ያን ጊዜ ይህን ሊያውቅ የሚችለው ቱቦውን የወተፈው ነው። በዋዜማው ምሽት ብቻውን እዚህ የቀረውም እሱ ነው።» ወደ ይርጋ ዞረ። «'ቱርቦ ያየሁት ትናንት ነው' ብለኸኝ ነበር።»

ይርጋ ባዶ በርሜል ላይ ቁጭ አለ።

«ዶዘር ነድቻለሁ» አለ። «አንዱ እንዲህ አብዶ በጣውላ ሲያፍኑት አይቻለሁ። ቢያሸንፈኝ በዚህ ከተማ ማን ይርጋ ይለኛል? ሞተሩ ይበላሽ፣ እሁድ ይቅር፣ ሌላ አላሰብኩም። ይደፍኑታል ብዬ ነው። ጣውላው ሚስማሩ ላይ ነበር እኮ! በዓይኔ አይቼዋለሁ! የት ሄደ?»

ሽብሩ ክንዱን ይዞ አስነሣው።

«የእኔ ሥራ እዚህ ላይ ያበቃል» አለ፤ ይህን ሲል ግን የሚያየው ባህሩዲንን ነበር። ሐጂም ተከትለዋቸው ወጡ።

ጸሐይ አልተነሣችም። «የት ሄዶ ነው፣ ባህሩ?»

ባህሩዲን ተንበርክኮ ማቆሚያውን በትከሻው ከፍ አደረገና ጣውላውን ስቦ አወጣው። ሞተሩ ወደ አንድ ጎን ዘመም አለ። ጣውላውን በሁለት እጁ ይዞ ፊቷ ቆመ።

ጸሐይ ተቀበለችው። ጥላሸት ባጠቆረው ግድግዳ ላይ የጣውላውን ያህል ነጥቶ የቀረ ቦታ አለ። ሄዳ እዚያው ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው፤ ነጩን ቦታ ልክክ አድርጎ ሸፈነው። ነጠላዋን ከአቧራው አራግፋ፣ ዞር ብላ ሳታየው ወጣች።